ወደ ጎጆ ድንጋይ የጫንን ጊዜ

«ወሬ ድልድይ አይሠራም» ይላሉ። ይሠራል። በወሬ የተሠራ ድልድይ ላይ በእግሬም በመኪናም ተሻግሬያለሁ፤ ድንች የጫነ ኢሱዙ ሲያልፍበትም ዳር ቆሜ አይቻለሁ። አባባሉን የፈጠረው ሰው ወይ መናገር የማይችል ነበር፣ ወይ ከተናገረ በኋላ የሚመጣበትን የፈራ። «የሚሠራ አይናገርም» የሚለውም ያው ነው። በዕድሜዬ ያየኋቸው ጥሩ ሠራተኞች፣ በተለይ ግንበኞች፣ አፋቸው ከእጃቸው ይፈጥን ነበር። ስለ ዝምታ ጥቅም የተጻፈ ብዙ አንብቤያለሁ፤ የጻፉት ሰዎች ግን ዝም ማለት አቅቷቸው መጽሐፍ ያወጡ ናቸው።

ይህን ትዝታ የቀሰቀሰብኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት አምቦ መናኸሪያው ማዕዘን ላይ፣ ድሮ ሬዲዮ ጠጋኝ በነበረበት፣ አሁን የሞባይል ሽፋን በሚሸጥበት ቦታ ቆሜ ባጃጅ ስጠብቅ አንድ ኢሱዙ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። አዲስ የተቆረጠ የባህር ዛፍ ግንድ ጭኗል። ቅርፊቱ ገና እርጥብ ነው። ሌላው ሰው ጉንፋኑ የለቀቀው ይመስል በረጅሙ ሲተነፍስ እኔን ግን ሽታው ዓመታት ወደ ኋላ ወሰደኝ፤ ከተቃጠለ የሞተር ዘይትና ከእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ውስጥ የከረመ ሽታ ነውና። የት እንደማውቀው ገና ሳስታውስ ከጋቢናው መስኮት አንድ ድምፅ ወረደብኝ።

«ባርሲሳ! አሁንም አለህ? አልሞትክም?»

ባርሲሳ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው። እንዲህ አድርገው የሚጠሩኝ ብዙ ናቸው፤ አለመሞቴ እንዲህ የሚያስገርማቸው ግን አዴ ብርቄ ብቻ ናቸው። አዴ ብርቄ («አዴ» የኦሮምኛ «ወይዘሮ» ነው) ከጎጆ ከተማ ማዶ ድንች አምርተው አምቦ ገበያ የሚሸጡ ሴት ናቸው።

«አለሁ፣ አዴ ብርቄ። እርስዎ ደግሞ ግንድ ንግድ ገቡ እንዴ?»

«የምን ንግድ! የድልድያችን ነው። በስብሷል፤ ባለፈው ክረምት መኪና አላሳለፈም። ሌንሴ ደግሞ...» እጃቸውን ከሆዳቸው ፊት ዘርግተው ትልቅ ክብ ሠሩ። «ሐምሌ ነው ብለዋታል። እንግዲህ ሐምሌን ታውቃለህ።»

ሐምሌን አውቃለሁ። ሌንሴ ልጃቸው ናት፤ ሐምሌ በእሷና በወንዙ መሃል ምን ማለት እንደሆነ እናንተም እንድታውቁ ግን ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብን። ሩቅ አይደለም፣ አሥር ዓመት አይሞላም። ትዝታ ለመጻፍ ይህ አያንስም ወይ የሚለኝ ካለ ገበያ ወጥቶ ዋጋ ይጠይቅና ዘመን ተለውጦ እንደሆነ ይንገረኝ።

ያኔ ማኪያቶ በሰባት ብር ጠጥተን «ኧረ ተወደደ!» የምንልበት ጊዜ ነበር። ባጃጅ ከመናኸሪያው እስከ ሁሉቃ ወንዝ ድልድይ በሁለት ብር ይወስዳል። በአንድ ሰሞን ባጃጆቹ ሁሉ አንዲት የኦሮምኛ ዘፈን ብቻ ይከፍቱ ነበር፤ ከአንዱ ወርዳችሁ ሌላው ላይ ስትሳፈሩ ዘፈኗ ካቆመችበት ትቀጥልላችኋለች። ወጣቱ እግር የሚያንቅ ሱሪ ለብሶ ጎንና ጎኑን ተላጭቶ ይሄዳል፤ የቢሮው ሰው መታወቂያውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ምሳ ይበላል፣ ወጡ እንዳይነካበት ወደ ጀርባው አዙሮ። ከፍል ውሃው መዋኛ የሚመጣው ሽታ እንደ ነፋሱ አቅጣጫ አንድ ቀን እኛ ሰፈር፣ አንድ ቀን ሌላ ሰፈር ያድራል። መንገዱ አንዳንድ ቀን ይዘጋል፣ ኢንተርኔቱም አንዳንድ ሳምንት ይጠፋል። ማን ዘጋው፣ ማን አጠፋው የሚለውን ሌሎች ይጻፉት፤ ለዚያ የሚሆን ድፍረትም መረጃም ያላቸው ብዙ ናቸው። እኔ የማስታውሰው ኢንተርኔት በጠፋ ሳምንት ሰው ሁሉ ሬዲዮ ያዳምጥ እንደነበር ነው። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምክንያቱም ሬዲዮው ውስጥ ነበርኩ።

ከተማው ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ጣቢያ ቅዳሜ ጠዋት «የሳምንቱ ኩርኩም» የሚል ፕሮግራም ነበረኝ። በአማርኛ ጀምሬ በኦሮምኛ እጨርሳለሁ፤ መሃሉ ላይ የቱን እንደምናገር እኔም አላውቅም፣ ሰሚም ግድ አልነበረውም። ሳምንቱን ሙሉ ታሪክ አስተምራለሁ፣ ቅዳሜ ደግሞ የሚገባውን ሁሉ በጣቴ አንጓ እኮረኩማለሁ። ተቆፍሮ ያልተደፈነ የቧንቧ ጉድጓድ፣ ቀን በርቶ ማታ የሚጠፋ የመንገድ መብራት፣ «ነገ ና» እያለ ሹራብ የሚሠራ ቢሮ። ሰው መንገድ ላይ ያቅፈኛል፤ «አንጀቴን አራስከው!» ይለኛል። ውሃችን ጋዝ ስላለበት ሰዋችንም ጋዝ አለበት እያሉ የሚያሙን አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ አምቦ ላይ ነገር የማይወድ ሰው ካያችሁ እንግዳ ነው። በኩርኩሜ አንድም ቀን አልተጸጸትኩም። ጉድጓዱ ተደፍኗል፤ መብራቱም ቢያንስ ሰዓቱን አውቋል። ትችት አያስፈልግም የሚል ሰው ከመጣ መጀመሪያ የምኮረኩመው እሱን ነው።

ከኩርኩሞቼ ሁሉ የተወደደው ግን የድልድዩ ነበር። ከጊንጪ ወደ ጎጆ የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቅ ወገቡን ያመስግን። ጎጆ ብርድ አገር ናት፤ ገብሷ፣ ድንቿና በጓ የታወቀ ነው። ከጎጆ አልፈው ወደ ገጠሩ ሲታጠፉ አንድ ወንዝ ያገኛሉ። ካርታ ላይ ስም ይኖረው ይሆናል፤ የአገሬው ሰው ግን «ላጋ» ብቻ ይለዋል። በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ነው፤ ዓለም ላይ ሌላ ወንዝ የሌለ ይመስል። በበጋ ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጡ ይሻገሩታል፣ በክረምት በሬ ይወስዳል። የነበረውን የግንድ ድልድይ አንድ ክፉ ክረምት ጠርጎት ሄደ። ከዚያ አንድ ጽሕፈት ቤት የኮንክሪት ድልድይ ሊሠራ ቃል ገባ። ስሙን ያኔ በየሳምንቱ እጠራው ነበር፣ አሁን ይረፍ። ድንኳን ተተከለ፣ በግ ታረደ፣ ተጨበጨበ፣ በጨርቅ የተሸፈነ የመሠረት ድንጋይ ተገለጠ። ከዚያ ድንኳኑ ተነቅሎ ሄደ፤ ድንጋዩ ብቻውን ቀረ።

በዚያ ድንጋይ ብዙ ተጫወትኩበት። ልደቱን አከበርኩለት፤ «ድንጋያችን ዛሬ አንድ ዓመት ሞላው፣ ወላጆቹ በሥራ ብዛት አልተገኙም» ብዬ። ፍየሎች ወጥተውበት ፀሐይ እንደሚሞቁ ስሰማ «አገልግሎት መስጠት ጀመረ» አልኩ። አንድ አድማጭ ደውሎ ድንጋዩን ልዳረው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሳምንት ሙሉ ሙሽራ ስናፈላልግ ከረምን። ከተማው ሳቀ፣ ጎጆም ሳቀች፤ ጽሕፈት ቤቱ ራሱ ውስጥ በር ዘግተው እንደሚስቁ ሰምቻለሁ።

አዴ ብርቄን መጀመሪያ ያየኋቸው በዚያ ሰሞን ነው። ፕሮግራሜን ጨርሼ ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለችው ሻይ ቤት ተቀምጫለሁ። በአምቦ ሙቀት ወፍራም የሱፍ ሹራብና የፕላስቲክ ቦቲ ያደረጉ ሴትዮ ገብተው ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሙ።

«አንተ ነህ ሬዲዮ ላይ የምትናገረው?»

«እኔ ነኝ፣ እናቴ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ቀጭን ሰው ይመስለኝ ነበር።»

ሻይ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ወንበር ሳብኩላቸው፤ ተቀመጡ፤ ሻይ አዘዝኩ።

«ስለዚያ ድንጋይ ያወራኸውን ሰምቼ ገበያ መሃል ሻሼ እስኪወድቅ ሳቅሁ» አሉኝ።

«ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ። ያቆይልኝ።»

«አላመሰገንኩህም። ገና ነው።»

ከዚያ ነገሩን ነገሩኝ። አላለቀሱም፣ ድምፃቸውም አልተለወጠ፤ ሻይ ውስጥ ስኳር እያማሰሉ ነው የነገሩኝ። ባለፈው ክረምት ሌንሴ ምጥ ይዟት በቃሬዛ ተሸክመዋት ላጋው ዳር ደረሱ። ውሃው ሞልቷል። ይጎድላል ብለው ዳር ላይ ሸራ ወጥረው ጠበቁ። አልጎደለም። ሕፃኑ እዚያው ተወለደ፤ አልቆየም። አሁን ሌንሴ እንደገና ፀንሳለች፣ ቀኗም ሐምሌ ነው።

«ሐምሌ ላይ ላጋው እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ?» አሉኝ። «አታውቅም። አንተ የምታውቀው ድንጋዩን ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ አዴ? ለዚያ ጽሕፈት ቤት ያልሰደብኩት ስድብ አልቀረኝም።»

«ስድብማ እኔም ቤት ሞልቷል። ሰው ጥራልኝ።»

«የምን ሰው?»

«ሰው ነዋ። አንተ ስትስቅ አገር ይስቃል። ኑ ብትልስ?»

እኔ ኑ የምል ሰው አልነበርኩም። ኑ የሚሉ ሰዎችን ለስብሰባ ሲጠሩኝም ለጸሎት ሲጠሩኝም አውቃቸዋለሁ፤ ሁለቱም መጨረሻው ረጅም ነው። ስለዚህ በትህትና ሸኘኋቸውና በቀጣዩ ሳምንት እኔ የማውቀውን አደረግሁ፤ በሕይወቴ ከተናገርኳቸው ሁሉ ጥሩውን ቀልድ ተናገርኩ።

«ወገኖቼ» አልኩ፣ «ነገሩ አሁን ገባኝ። ድልድይ በብዙ ድንጋይ ነው የሚሠራው፤ ባለሥልጣኖቻችን የራሳቸውን ድርሻ፣ አንዷን፣ አስቀምጠዋል። የቀረው የእኛ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ይህን መንገድ የረገመ ሁሉ አንድ አንድ ድንጋይ ይዞ ላጋው ዳር ይገኝ። ያቺ ብቸኛ ድንጋይ ጓደኛ ታግኝ።» ቴክኒሻኑ ከመስታወቱ ጀርባ ጠረጴዛ እየደበደበ ሳቀ። ጥሩ ቅዳሜ ነበር።

ሰኞ ሸምሱ ሱቅ በር ላይ ሳልፍ ጠራኝ። ሸምሱ ከደቡብ መጥቶ አምቦ ላይ ሚስማር፣ ቆርቆሮና ሲሚንቶ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ ሦስት ቋንቋ ይናገራል፣ ሦስቱንም በአንድ ዜማ።

«መኪናው ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?»

«የምን መኪና?»

«የደቦው ነዋ! የድልድዩ።»

«ሸምሱ፣ ቀልድ እኮ ነው።»

«እሱን ለአዴ ብርቄ ንገራቸው። እኔን የአንድ ኢሱዙ ነዳጅ ቃል አስገብተውኝ ሄደዋል።»

በቀጥታ ወደ ገበያ ሄድኩ። አዴ ብርቄ ከድንች ክምራቸው ጀርባ ተቀምጠው ኪሎውን በስድስት ብር እየሸጡ ነው። ለሚገዛውም ለማይገዛውም «ቅዳሜ ትመጣለህ አይደል? ባርሲሳ ጠርቷል» ይላሉ።

«አዴ ብርቄ፣ ቀልድ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«እያወቁ ነው እንግዲህ ሰው የጠሩብኝ?»

«እኔ መቼ ጠራሁ? አንተ ነህ የጠራኸው። ያልሰማ ካለ አሰማሁ እንጂ።» ሚዛኑን አስተካክለው ለአንዷ ገዢ ድንች ቀዱላት። «ስማ። በእኛ አገር ደቦ የጠራ ሰው በምን ልብህ ጠራኸው ተብሎ አይጠየቅም። በሰው ፊት ‹ቅዳሜ ኑ› ካለ ጠርቷል። ቀድሞ ይገኛል፣ የመጣውን ያበላል። ጠርቶ የቀረ ሰው ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ጎረቤቱ መጀመሪያ ጫማውን ቀስ ብሎ አስሮ ነው የሚመጣለት።»

«እኔ እኮ የጎጆ ሰው አይደለሁም።»

«ድምፅህ ግን ጎጆ ይደርሳል።»

ስለ ምፀት ብዙ አንብቤያለሁ፤ አስተምሬበታለሁም። ምፀት የሚሠራው ሰሚው «አውቃለሁ» ብሎ ሲስቅ ነው። ሰሚው «አውቃለሁ» ብሎ እጅጌውን ሲሰበስብ ምን እንደሚደረግ የጻፈ ሰው አላገኘሁም። መምረጥ ነበረብኝ፤ ቅዳሜ ከቤቴ ብቀር ቀልደኛ እንደሆንኩ እቀራለሁ፣ ሌንሴ ደግሞ ሐምሌ ላይ እዚያ ሸራ ሥር ትቀራለች። ወደ ቤቴ ሄጄ ቦቲ ፈለግሁ።

ፕሮግራሜን ዓርብ ማታ ቀርጬ ትቼ ወጣሁ፤ ቅዳሜ ማለዳ መናኸሪያው ማዕዘን ላይ የተሰበሰበውን ሰው እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሁሉም ድንጋይ ይዟል። የባዮሎጂ መምህሩ ከሁሉቃ ወንዝ የለቀማትን ለስላሳ ድንጋይ በፌስታል አንጠልጥሏል። ጡረታ የወጣ ጸሐፊ ከበረንዳው ሥራ የተረፈች እብነ በረድ አቅፎ መጥቷል፤ «ድልድዩ ትንሽ ይመርበት» ይላል። የወንጌላውያን መዘምራን በአንድ ቀለም ሹራብ ተሰልፈው፣ ድንጋያቸውን እንደ መዝሙር መጽሐፍ ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ሸምሱ የራሱን ድርሻ በጋዜጣ ጠቅልሎ ጋቢና አስቀመጠ፤ ከኋላ ግን ማንም ሳይጠይቀው ሲሚንቶ ጭኗል። ያቺ የባጃጅ ዘፈን ከአንዱ መኪና ተከፈተች፣ መዘምራኑ ፊታቸውን አዞሩ፣ በጊንጪ መታጠፊያ ላይ ግን እግራቸው ሲመታላት አይቻለሁ። እንዲህ ሆነን ሁለት ኢሱዙ ሙሉ ሰውና ድንጋይ ወደ ጎጆ ወጣን።

ላጋው ዳር የጠበቁን ኦቦ (አቶ) ጉተማ ነበሩ። ኦቦ ጉተማ የአካባቢው አንጋፋ ግንበኛ፣ የአካባቢው አንጋፋ ጉረኛም ናቸው፤ በሸዋ ምድር የቆመ ግንብ ሁሉ ወይ እሳቸው የሠሩት ነው ወይ በቅርቡ ይፈርሳል። ሰዉ ከመኪና እየወረደ ድንጋዩን ሲቆልል ወገባቸውን ይዘው አዩ።

«ከየት ነው ያመጣችሁት?»

«ከአምቦ።»

«ወደ ጎጆ? ድንጋይ?» ዞር ብለው ከጀርባቸው ያለውን ኮረብታ ተመለከቱት፤ ከአናቱ እስከ እግሩ ድንጋይ ነው። ከዚያ ወደ እኛ ተመለሱ። «ነገ ደግሞ ብርድ ጫኑልን።»

የአገሬው ሰው መሬት ላይ እየተቀመጠ ሳቀ። እግር የሚያንቅ ሱሪና ስስ ቲሸርት ለብሰው የመጡት የአምቦ ወጣቶች ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ስለነበር መሳቅም አልቻሉ፤ ሴቶቹ ጋቢ ደረቡላቸው።

«ታዲያ ምንድን ነው የሚያስፈልገው?» አልኳቸው።

«ግንድ፣ ሲሚንቶ፣ አሸዋ። ደግሞ ዝም ብሎ የሚሸከም ሰው።» ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ሦስቱን አንተ አምጣ። አራተኛው እንደማይሆንልህ በሬዲዮ ሰምቻለሁ።»

ያን ቀን መሠረት ተቆፈረ። ምሳ ሰዓት ላይ አዴ ብርቄ ትልቅ ጉልቻ ላይ የቀቀሉትን ድንች ከነዳጣው አወጡ። «በስምህ ነው የቀቀልኩት፤ ተነስ አቅርብ» አሉኝ። ደቦ የጠራ ሰው እንግዳውን በእጁ ያስተናግዳል። ባለሥልጣን ስኮረኩም የኖርኩ ሰውዬ ሰፌድ ይዤ በሰው መሃል ዞርኩ። እያንዳንዱ ሰው ድንች አንስቶ አንድ አንድ ቀልድ ጣለብኝ፤ አንዳንዱ ከእኔ ይበልጥ ነበር።

ከዚያ በኋላም ፕሮግራሜን ዓርብ እየቀረጽኩ ብዙ ቅዳሜ ሄድን። የፕሮግራሜ ስም አልተለወጠም፣ ኩርኩሙም አልቀረም። መጨረሻው ላይ ግን አንድ ነገር ተጨመረ። «ወፍራም ባህር ዛፍ ያለው ለሸምሱ ይንገረው። ጋራዥ ያላችሁ የተቃጠለ ዘይት አትድፉ፣ ምስጥ እንዳይበላው ግንዱን ልንቀባበት ነው። ደንዲ ያላችሁ ዘመዶቻችን፣ የሚያልፍ ባዶ መኪና ካለ አሸዋ ይያዝልን።» ይኸው ነው። ቀልድ የለበትም፣ ድርቅ ያለ ነው። ሰው ግን ሬዲዮውን ወደ ጆሮው የሚያስጠጋው እዚያ ላይ ሆነ። «ያንተን ወግ ስጠብቅ ነበር» ይለኝ የነበረ ሰው «ግንዱ ስንት ደረሰ?» ይለኝ ጀመር። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቅር ብሎኛል።

ጽሕፈት ቤቱንም አልተውኩትም፤ አመሰገንኩት። «በሚቀጥለው ሳምንት ቁፋሮውን ለማገዝ ስካቫተር ሊልክልን ያሰበውን ጽሕፈት ቤት ከወዲሁ እናመሰግናለን» አልኩ። አላሰበም። ግን ባለሥልጣን ስድብ ለምዶታል፤ ስድብ ሲመጣበት በሩን ዘግቶ ሻይ ያዛል። ምስጋና ሲመጣበት ሚስቱ ትጠይቀዋለች፣ አማቱ ይደውሉለታል፣ ጎረቤቱ «ጎሽ» ይለዋል፤ የሚገባበት ይጠፋዋል። ስካቫተሩ መጣ። ሹፌሩ ማን እንደላከው በቅጡ አያውቅም ነበር። የሰለጠነ ስድብ የምትጽፉ ሰዎች ይህን ያዙልኝ፤ በዚህ ዘዴ ከኩርኩም የበለጠ ሰው ማስጨነቅ ይቻላል።

ግንቡ ሲጠናቀቅ ዙሪያውን አየሁና አንድ ነገር ጎደለብኝ።

«ኦቦ ጉተማ፣ ያቺ ድንጋይ የት ሄደች?»

«የትኛዋ?»

«የባለሥልጣኖቹ። የመሠረቷ።»

በግንበኛ ማንኪያቸው ወደ ግራው ግንብ ታች ጠቆሙኝ። «እዚያ ናት። መሠረት ላይ አይደል የሚፈልጓት? አደረግኳት።»

ግንዱ ሰኔ ሳይገባ ተጋደመ፤ አፈርም ለበሰ። ከዚያ ሐምሌ መጣ። የጣቢያችን ጣሪያ ቆርቆሮ ስለነበር በዝናብ ቀን ድምፄ የሚሰማው ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ ሰው ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በዚያ ጩኸት መሃል የአድማጭ ስልክ ገባ።

«ሄሎ፣ ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ።»

«አዴ ብርቄ፣ ቀጥታ ሥርጭት ላይ ነን።»

«ይሁን፣ ይስሙ! ባርሲሳ፣ ላጋው ሞልቷል። ግንዱን ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው። ሌንሴን ይዟታል፤ መኪና ላይ ነን። ይሄ ሹፌር ድልድዩ አፍ ላይ ቆሞ እፈራለሁ ይላል። አንተ ንገረው፣ ድምፅህን ያውቃል።»

ቴክኒሻኑ በመስታወቱ አየኝ። አምቦም፣ ጊንጪም፣ ጎጆም እየሰማ ነው።

«ኦቦ ጉተማ የት ናቸው?» አልኩ።

«ድልድዩ መሃል ቆሞ እየዘለለ ነው። ጃንጥላ ይዞ። ሹፌሩን እየሰደበው።»

ዓመታት በዚያ ማይክራፎን ስናገር የቆየሁት «ተበላሽቷል» የሚለውን ነው። ተበላሽቷል ብሎ የሚሳሳት ሰው የሚደርስበት ነገር የለም፤ ቢበዛ ይታረማል። «እለፍ» ማለት ግን ሌላ ነው። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሁለት ነፍስ ተሸክሞ ነው የሚወጣው። ግንዱን አውቀዋለሁ፤ ቅርፊቱ ሲላጥ ነበርኩ፣ ዘይቱን በብሩሽ ቀብቻለሁ፣ ያቺ ድንጋይም የት እንዳለች አውቃለሁ።

«ወንድሜ ሹፌር» አልኩ፣ «እኔ ነኝ። ግንዱን በእጄ ነክቼዋለሁ። መሃሉን ይዘህ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ሳትቆም እለፍ። ኦቦ ጉተማን እንዳትገጭ ብቻ።»

በስልኩ ውስጥ የሞተሩ ድምፅ ከፍ አለ። ከዚያ የግንዱ ጉርምርምታ፣ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ። ዝናቡ ጣሪያዬ ላይ ነው ወይ እዚያ፣ መለየት አልቻልኩም። ከዚያ እልልታ።

«ተሻገርን!» አሉ አዴ ብርቄ። «አሁን አመሰግንሃለሁ። ዝጋው፣ ካርዴ ያልቃል።»

ማይክራፎኑን ገፋ አድርጌ ለቴክኒሻኑ ምልክት ሰጠሁት። እሱም የባጃጇን ዘፈን ለቀቀልኝ።

ሌንሴ አምቦ ደርሳ በሰላም ወለደች። ሴት ልጅ ናት። ልጅቷን «ድልድይ» ብለው ሰየሟት እንድላችሁ ከጠበቃችሁ አልሰየሟትም፤ ስሟ ሲፈን ነው። አሁን የወተት ጥርሷን እየነቀለች ነው፤ አንድ ጊዜ አዴ ብርቄ ይዘዋት ገበያ ሲመጡ አግኝቻት «አንተ ነህ ወፍራሙ?» ብላኛለች።

ዛሬ ያ ሬዲዮ ጠጋኝ የለም፣ ማኪያቶውም በሰባት ብር የለም፣ እኔም ጣቢያው ላይ የለሁም። ቦታዬን ወጣቶች ይዘውታል፤ ደግ ተደረገ። ሰዉ ግን ኩርኩሙን ወደ ስልኩ አዛውሮታል። ሁሉም ባለ ማይክራፎን ነው፣ ሁሉም ይኮረኩማል፣ ከእኔ ይልቅ ስድቡ በርትቷል፣ ቀልዱ ቀጥኗል። ያ የበሰበሰ ድልድይ ፎቶው ተነስቶ እጅግ ብዙ ሰው ተቀባብሎታል፤ ከሥሩ የተጻፈውን አስተያየት አነበብኩት፣ አንዳንዱ ግሩም ነው። አንድ ግንድ ግን ከመሃሉ አልወጣም። ባለፈው ሳምንት በኢሱዙ የመጡት ግንዶች አዴ ብርቄ በድንቻቸው ገንዘብ አምቦ ላይ የገዟቸው ናቸው። ከሚያስፈልገው ግማሽ አይሞሉም።

መናኸሪያው ማዕዘን ላይ፣ መኪናው ሊነሳ ሲል፣ ከጋቢናው ጎንበስ ብለው ጠየቁኝ።

«ትናገርልኛለህ?»

«ሬዲዮ የለኝም እኮ፣ አዴ።»

«ታዲያ አሁን ምን ትሠራለህ?»

«እጽፋለሁ።»

«ይነበባል?»

«አንዳንዴ።»

«እንግዲያው ጻፍ። ቀልድ ግን አታብዛበት፤ ሰው መሳቅ ጀምሮ መምጣቱን ይረሳል።»

አብዝቼ እንደሆነ ይቅር ይበሉኝ። ስለዚህ አንተ አንባቢ፣ አንቺም፣ እስከዚህ ድረስ ከመጣችሁ አንድ ነገር ነው የምጠይቃችሁ። ከዚህ ቅዳሜ ጀምሮ በየቅዳሜው ማለዳ አምቦ መናኸሪያው ማዕዘን ላይ እቆማለሁ፤ መኪናው የሸምሱ ነው። ሌንሴ ቀኗ ሐምሌ ነው። በሰው ፊት ጠርቻለሁ፣ ድንቹም በስሜ ይቀቀላል። ግንድ ያላችሁ ግንድ፣ ሚስማር ያላችሁ ሚስማር፣ የተቃጠለ ዘይት ያላችሁ ዘይት፣ ምንም የሌላችሁ ትከሻችሁን ይዛችሁ ኑ። ድንጋይ ይዞ የሚመጣ ሰው ግን መኪናው ላይ አይወጣም።